ሌላ ትርጉም የለውም

ደራሲ ይሄይስን ሞቶ ያገኘው አስማረ ነው። አስማረ ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን የነጋዴውን የደሴን የሩዝ እርሻ ይጠብቃል። በዚያ የሐምሌ ጠዋት፣ ሲዘንብ ያደረውን ውሃ ወደ ቦዩ ሊያፋስስ ሲወርድ፣ በችግኙ መሐል የሰው ጀርባ አየ። ሰክሮ የወደቀ መንገደኛ መሰለውና በዱላው ጫፍ ነካ አደረገው። መልስ ሲያጣ ገለበጠው። ጩኸቱ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ።

ውሃው ከጉልበት በታች ነበር። በሟቹ ጉንጭና አንገት ላይ አልቅቶች ተጣብቀው አብጠዋል። ጣቶቹ የጨበጡትን ጭቃ አልለቀቁም። አፉ ደግሞ ጠጅ ጠጅ ይሸታል።

ዋና ኢንስፔክተር ዙፋን ከደብረ ታቦር ተጠርታ ስትደርስ አስከሬኑን ከእርሻው አውጥተው በሸራ ሸፍነውት ነበር። ዙፋን አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሰው ሲያወራት አታቋርጥም። ብዙዎች የሚፈሯትም ለዚህ ነው፤ ዝም ስትላቸው ሊናገሩ ያላሰቡትን ይናገራሉ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት የወረታው ሳጅን አንለይ። «ጠጥቷል፣ ወድቋል፣ ሞቷል። ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ሌላ ምን ሊገድለው ይችላል?»

ዙፋን ቁጢጥ ብላ የሟቹን ሸሚዝ ከጀርባው ገለጠች። በትከሻዎቹ መሐል ሁለት ክብ ብልዞች ጎን ለጎን ይታያሉ።

«ሰክሮ የወደቀ ሰው ጀርባው ላይ የጉልበት ምልክት ያወጣል?»

አንለይ ሸራውን ወደ ቦታው መለሰ።

ዙፋን ሱሪዋን ጠቅልላ ጭቃው ውስጥ ገባች። ሰው ተንፈራግጦ የሞተበት ቦታ ነው፤ ችግኙ መረጋገጥና መጨፍለቅ ነበረበት። አስከሬኑ ተኝቶበት ከተደፈጠጠው በቀር ግን ዙሪያው እንደ ሌላው እርሻ በመስመር በመስመር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጎንበስ ብላ አንዱን ችግኝ ሳብ አደረገችው። ያለ ምንም ትግል ወጣ። ራቅ ብላ ሌላ ሳበች፤ ሥሩ ስለ ያዘ እንቢ አላት። ተመልሳ አስከሬኑ ከነበረበት አጠገብ ያሉትን እየሳበች አየች። ሁሉም ልል ናቸው፤ የአንዳንዶቹም ቅጠል ታጥፎ ቆስሏል።

«አንለይ፣ ይህን ሰው የገደለው ሰው ከገደለው በኋላ ሩዝ ተክሎ ነው የሄደው።»

ሐኪሙ ባምላክ አስከሬኑን ከመረመረ በኋላ ለዙፋን ደወለላት። «ሳምባውም ሆዱም የጭቃ ውሃ ነው። ጠጁ ከጉሮሮው አልወረደም። አፉ ውስጥ የፈሰሰው ነፍሱ ከወጣች በኋላ ነው።»

«ሰክሮ የሞተ ለማስመሰል ነዋ!» አለ አንለይ።

«ለማስመሰል የፈለገ ሰው ጠርሙሱን አጠገቡ ይጥልለት ነበር። ጠርሙስ የለም። ያ ጠጅ ለእኛ ተብሎ የፈሰሰ አይመስለኝም። ለራሱ ለሟቹ ነው።»

ይሄይስ ክፍል ተከራይቶ የተቀመጠው ከእርሻው በላይ፣ በባየች ቤት ነበር። ባየች ዕድሜዋ ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ አግብታም ወልዳም የማታውቅ ሴት ናት። በክረምት ለሰው ሩዝ ትተክላለች፤ በበጋ ለተከራዮቿ ታበስላለች። ዙፋን ስትገባ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ተነስታ መቀመጫ ሰጠቻትና ወደ ምስሯ ተመለሰች። የጣቶቿ ጫፎች በውሃ ርሰው ነጭተዋል።

«እትዬ ባየች፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሰውየው እዚህ የመጣው ለምን ነበር?»

«ቃል ልለቅም ነው የመጣሁት ይል ነበር። መጽሐፍህ ደረቅ ነው፣ እንጨት እንጨት ይላል ብለውታል መሰለኝ አዲስ አበባ። የልጅነት ቋንቋችንን አገባበታለሁ ብሎ መጣ። ትናንት ከሰዓት ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ እዚህ አንቺ የተቀመጥሽበት፣ ሲያወሩ ዋሉ።»

«እነማን ናቸው?»

«ደሴ ባለ ወፍጮው፣ መሪጌታ ገብረ ኪዳን፣ ሰብለ ወንጌል የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር። አብረው ነው ያደጉ።»

«ምን ያወሩ ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ እቴ። የእነሱ ቋንቋ ለእኔ አይገባኝም። አንድ ነገር ይላሉ፣ ይስቃሉ። እኔ ምግብ ሳቀርብ ነው የዋልኩት።»

«ተጣልተዋል?»

«ወደ ማታው ድምፃቸው ከፍ ከፍ ብሎ ነበር። ‹አውጣው› ይሉታል፤ ‹አላወጣም› ይላል።»

«ይሄይስ ጠጅ ይጠጣ ነበር?»

የባየች እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። «ስኳር አለበት፣ አይጠጣም። ደግሞ እዚህ ቤት ጠጅ ገብቶ አያውቅም። እናቴ ስትሞት ገዝታኛለች።»

«ለምን ገዘቱዎት?»

«ወንድሜ እሱባለው ልጅ ሳለ ጎርፍ ወሰደው። ጠጅ ቀምሶ ነው ይባላል። የቆየ ነገር ነው።» እጇ እንደገና መልቀም ጀመረ። «ይሄይስም ቢሆን፣ ዳር ዳሩን መሄድ ሲችል፣ ምላስ ያለበት ውሃ ውስጥ ምን እንዳስገባው እኔ አላውቅም።»

ዙፋን «ምላስ» ስትል የሰማች መሰላት። በደንብ ያልሰማች መሆን አለባት ብላ ተወችው። ከቤቱ ስትወጣ ግን ቃሉ አብሯት ወጣ።

ደሴን ያገኘችው በወፍጮ ቤቱ ነው። ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ትከሻው ላይ የሩዝ ገለባ ብናኝ የሰፈረበት ሰው ነው። የጓደኛው ሞት አስደንግጦታል፤ አስከሬኑ በእርሻው መገኘቱ ግን የበለጠ አስደንግጦታል።

«እኔ ብገድለው እርሻዬ ውስጥ እጥለዋለሁ? አስቡት እስቲ፣ ኢንስፔክተር!»

«እያሰብኩ ነው። ትናንት ስለ ምን ነበር የምታወሩት?»

«ስለ ቃላቶቻችን። ልጆች ሆነን ክረምት ክረምት ጎርፉ ሲሞላ አምባዛ እናጠምድ ነበር። ታዲያ ትልልቆቹ እንዳይገባቸው የራሳችን ቋንቋ ነበረን። አምባዛ ጢም ስላለው ጳጳስ ነው የምንለው። ‹ዛሬ ስንት ጳጳስ ያዝክ?› እንባባላለን። ረጅም ግርፊያ ደግሞ ድጓ ነው፤ ድጓ ቶሎ አያልቅማ! ‹አባቴ ድጓ አስተማረኝ› ካለ ተገርፏል ማለት ነው። አልቅት ምላስ ነው፤ ይልሳላ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። «ይሄይስ አንድ ቃል ስንነግረው እንደ ሕፃን ያጨበጭብ ነበር። ‹ይሄ ቃል አንድ ምዕራፍ ያቆምልኛል› ይላል።»

«ምላስ» የሚለውን ቃል ከሌላ አፍ ስትሰማው ልቧ አንድ ነገር ያዘ፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም።

«አፉ ጠጅ ይሸት ነበር» አለችው ቆይታ።

የደሴ ፊት ከብናኙ በላይ ነጣ። «ጠጅ? ጠጅ... በእኛ ቋንቋ ጎርፍ ውሃ ማለት ነው። ቀለሙ ይመሳሰላላ። ሌላ ትርጉም የለውም።»

መሪጌታ ገብረ ኪዳን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አነጋገሯት። ቀጭን፣ ድምፃቸው የሚያምር፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው የሚቆሙ ሰው ናቸው። በቅርቡ የደብሩ አለቃ ሆነው ይሾማሉ ይባላል።

«መሪጌታ፣ ይሄይስን አንድ ነገር አውጣ ብለውት ነበር ይባላል።»

«ነበር። በልጅነት አፋችን የቅዱሳት መጻሕፍትን ስም መቀለጃ አድርገን ነበር። ድጓን፣ ጳጳስን። ነውር ነው። ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ የደብተራ ልጅ ስለ ነበርኩ። ይህ በመጽሐፍ ታትሞ ቢወጣ ለእኔ አይበጅም።»

«ሌላ እንዲወጣ የፈለጉት ቃል አልነበረም? ስለ ጠጅስ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ጠጅ ጎርፍ ውሃ ማለት ነው፣ ልጄ። ሌላ ትርጉም የለውም።»

ሰብለ ወንጌል በትምህርት ቤቱ ቢሮ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ትምህርት ተዘግቷል፤ ግቢው ውስጥ ሣሩ ወገብ ደርሷል። አማርኛ ስታስተምር ኖራ ነው ርዕሰ መምህር የሆነችው፤ ንግግሯ የተለካ ነው። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ጠጅ?» አለች ስትጠየቅ። «በልጅነት ቋንቋችን ጎርፍ ውሃ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።»

ዙፋን ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻት።

«ሦስታችሁንም ጠየቅኩ። ሦስታችሁም ‹ሌላ ትርጉም የለውም› አላችሁ። እኔ ግን ሌላ ትርጉም አለው ወይ ብዬ አንዳችሁንም አልጠየቅኩም።»

ሰብለ ወንጌል መስኮቱን አየች። ዙፋን ጠበቀች። ከውጭ የአንድ ባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ።

«ጠጅ ማጠጣት የሚባል ነበር» አለች በመጨረሻ። «አንዱ ምስጢር ካወጣ፣ ወይም ካለቀሰ፣ ወይም እንዲሁ ስንሰለች፣ ጠጅ እናጠጣዋለን። ሁለት ልጆች እጅና እግሩን ይይዛሉ። አንዱ ጭንቅላቱን ይዞ ጎርፉ ውስጥ ይደፍቀዋል። ጭንቅላት የሚይዘው አሳላፊ ይባላል፤ ጠጅ ቤት ጠጅ የሚያቀርበው ሰው አሳላፊ አይደል? ‹አሳላፊ፣ ድገምለት!› እንላለን። ያኔ... ያኔ በጣም ያስቅ ነበር።»

«ማንን ነበር የምታጠጡት?»

«ብዙ ጊዜ እሱባለውን። ትንሽ ነበር፤ ይንተባተብ ነበር። አንድ ቀን ቤቱ ሄዶ ‹ጠጅ አጠጡኝ› ብሎ ተናገረ። በእኛ ቋንቋ መናገሩ ነው፤ ሌላ ቃል አላወቀለትም መሰለኝ። ቤት የነበሩት እውነተኛ ጠጅ ጠጣሁ ያለ መስሏቸው ገረፉት። በማግስቱ ጀርባው አብጦ መጣ። እኛ ደግሞ ቤት ስለ ተናገረ...» ዓይኖቿን በመዳፏ ጠረገች። «ስለ ተናገረ ደግመን አጠጣነው። ያን ቀን ከእጃችን አመለጠ። ጎርፉ ወሰደው። አንሸራተተው አልን፤ ሁላችንም ተማማልን።»

«አሳላፊው ማን ነበር?»

«ይቀያየር ነበር።»

«ያን ቀን?»

ሰብለ ወንጌል ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረች።

«ትናንት ይህን ስታወሱ ሳቃችሁ?»

«ሳቅን። መጀመሪያ ሳቅን።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ከዚያ ይሄይስ ምዕራፉን እንደ ጻፈው ሲነግረን ነው የደነገጥነው። አውጣው ብለን ለመንነው። ‹ከዚህ የበለጠ ቃል የለኝም፤ ይሄ ከወጣ መጽሐፉ ምን ይቀረዋል?› አለን።»

«እትዬ ባየች ምግብ ስታቀርብላችሁ ነበር?»

ሰብለ ወንጌል ቀና ብላ አየቻት። ይህን ጥያቄ ራሷን ጠይቃ እንደማታውቅ ፊቷ ይናገር ነበር።

ዙፋን ከትምህርት ቤቱ እንደ ወጣች ሳጅን አንለይን ጠራችው። «ጠጅ ቤቶቹን ጠይቀሃል አይደል?»

«ሁሉንም። ይሄይስም ሦስቱ ጓደኞቹም ጠጅ አልገዙም።»

«ተመለስና ሌላ ጥያቄ ጠይቅ። ጠጅ ገዝቶ የማያውቅ ማን ገዛ በል።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉም በባየች ቤት ተሰበሰቡ። ደሴ ወንበሩን ወደ በሩ አስጠግቶ ተቀመጠ። መሪጌታ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመዋል። ሰብለ ወንጌል ከሁለቱም ራቅ ብላ ነው። ባየች እንግዳ እንደ መጣባት ሰው ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ዙፋን «እትዬ ባየች፣ ይቀመጡ» አለቻት፤ ተቀመጠች።

«ይሄይስ ሰክሮ አልሞተም» አለች ዙፋን። «አንድ ሰው ዳር ቆሞ ሳለ ገፍቶ ጣለው፤ ጀርባው ላይ ተንበርክኮ ፊቱን ጭቃ ውሃ ውስጥ ያዘው። ከዚያ አፉ ውስጥ ጠጅ አፈሰሰበት። ይህ እናንተ ልጆች ሆናችሁ የምትጫወቱት ጨዋታ ነው።»

ደሴ ወደ ሰብለ ወንጌል ዞረ። «ነገርሻት?»

«ነግራኛለች። ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እናንተን ነው። ምክንያት አላችሁ። መጽሐፉ ቢወጣ መሪጌታ ሹመታቸው፣ ሰብለ ወንጌል ወንበሯ፣ አንተ ስምህ ይበላሻል። እዚያ እንዳልነበራችሁ የሚመሰክርላችሁም የለም፤ ሁላችሁም በየቤታችሁ ተኝታችሁ ነበር። ነገር ግን ጠጁ አስቸገረኝ።»

«ጠጁ ምን ሆነ?» አሉ መሪጌታ።

«ለሦስታችሁ ጠጅ ማለት ውሃ ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ይሄይስን ጠጅ ላጠጣው ብሎ ቢነሳ፣ እርሻው ሙሉ ጠጅ ነው፤ ከከተማ ገዝቶ አይመጣም። እውነተኛ ጠጅ ገዝቶ፣ ተሸክሞ፣ ሞቶም እንኳ አፉ ውስጥ ያፈሰሰበት ሰው፣ ያን ቃል የሚያውቀው በሌላ መንገድ ነው። ለዚያ ሰው ጠጅ ሁልጊዜ ጠጅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጠጅ ነው ብሎ አምኖ ኖሮ፣ አንድ ቀን ውሃ መሆኑን የሰማ ሰው ነው።»

ማንም ወደ ባየች አልዞረም፤ ሁሉም ግን የት እንደተቀመጠች አወቁ።

«ሁለተኛው ችግኙ ነው። ገዳዩ የተጨፈለቀውን ችግኝ መልሶ ተክሎታል። ወደ ኋላ እየሄደ፣ መስመሩን ሳያዛንፍ፣ ቸኩሎም ቢሆን አሳምሮ። መሪጌታ ያለ መቋሚያ መቆም አይችሉም። ደሴ ጭቃ ከረገጠ ቆይቷል። ሰብለ ወንጌል ትናንት ያየሁት ጣቷ ጠመኔ እንጂ ጭቃ የነካው አይመስልም። ሦስተኛው አንድ ቃል ነው። እትዬ ባየች፣ የእነሱ ቋንቋ አይገባኝም ብለውኝ ነበር። ወዲያው ደግሞ ይሄይስ ምላስ ያለበት ውሃ ውስጥ ምን እንዳስገባው አላውቅም አሉኝ። በዚህ አገር አልቅትን ምላስ የሚሉት እነዚህ ሦስቱና ሁለት ሙታን ብቻ ናቸው። ቃሉን ከወንድምዎ ነው የለመዱት።»

ባየች መቀነቷን አጠበቀች።

«ትናንት ሳጅን አንለይ ባለ ጠጅ ቤቷን ድንቅነሽን ጠይቋት ነበር» አለች ዙፋን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጠጅ ቤቷ ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሴት ይሄይስ ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት በውሃ ፕላስቲክ ጠጅ እንዳስቀዱ ነገረችው። ‹ለማን ነው?› ስትልዎት ‹ለእንግዳዬ› አሏት።»

«ለእሱ ነዋ» አለች ባየች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ እንዲያውም ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀለል ብሏል። «ደግሞ ችግኙን የመለስኩት ለመደበቅ አይደለም። እኔው ነኝ ጎንበስ ብዬ የተከልኩት። ችግኙ ምን አጠፋ?»

«እትዬ ባየች፣ ከዚህ በኋላ ለመናገር አይገደዱም።»

«ልናገር። ለእነዚህ ልናገር።» ወደ ሦስቱ ዞረች። «እናቴ ጠበል ሄዳ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እሱባለው ረጥቦ እየተንቀጠቀጠ መጣና ‹ጠ... ጠጅ አጠጡኝ› አለኝ። ልጅ ጠጅ ጠጥቶ መጣ ብዬ ልምጭ አነሳሁ። አፉን አሸተትኩት፤ አይሸትም። ጠጅ አትሸትም፣ ለካ ውሸታምም ነህ ብዬ ጨመርኩለት። ምላስ እግሩ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ‹ምላስ አውጪልኝ› እያለኝ እሱን ሳላወጣለት ነው የገረፍኩት። በማግስቱ ቤት ልዋል ቢለኝ እንቢ ብዬ አባረርኩት። ወደ እናንተ።»

ሰብለ ወንጌል ማልቀስ ጀመረች።

«አታልቅሺ። ባለፈው ስትስቂ ሰምቼሻለሁ» አለቻት ባየች። «ጎርፍ ሲወስደው ሰክሮ ነው አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። እናቴ ልጇ ጠጅ ጠጥቶ እንደ ሞተ አምና አለቀሰች፤ እንደዚያው አምና ሞተች። እናንተ ስትሄዱ ይሄይስ ወረቀቱን ይዞ እዚህ መጣ። ‹እትዬ፣ እሱባለው መጽሐፍ ውስጥ ገባ፤ ደስ አይልም?› አለኝ። አነበበልኝ። ‹እኔ አሳላፊ ነበርኩ፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ይዤ ጠጅ አጠጣሁት፤ ጠጅ ማለት ውሃ ነው› ይላል። ሲጨርስ ‹እንዴት ነው?› አለኝ። ጥሩ ነው አልኩት። ነጠላዬን ደርቤ ድንቅነሽ ዘንድ ሄድኩ። ጎህ ሲቀድ ጎርፉን እንይ ብዬ እርሻው ዳር ወሰድኩት።»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኢንስፔክተር፣ ይህ... የልጅነቱ ነገር ፍርድ ቤት ይደርሳል?»

«እትዬ ባየች ከተናገሩ ይሰማል። እናንተን ግን የሚጠይቃችሁ ሕግ የለም፤ ልጆች ነበራችሁ።»

መሪጌታ እፎይ አሉ። ባየች የሰማችው ያንን እፎይታ ነው።

«እናንተን እኔም አልጠየቅኩም» አለቻቸው። «እጅና እግር የያዘውን ለእግዚአብሔር ትቻለሁ። አሳላፊውን ነው የገደልኩት፤ ይበቃኛል።»

ደሴ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ሰብለ ወንጌል በእጇ «ዝም በል» የምትል ምልክት ሰጠችው፤ ዙፋን አየች። ደሴ ግን ዝም ማለት አልቻለም።

«እትዬ ባየች... ይሄይስ አሳላፊ ሆኖ አያውቅም።»

«ምን?»

«ውሃ ይፈራ ነበር። አንድም ቀን ጎርፍ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ዳር ነው የሚቆመው። ያን ቀንም ዳር ቆሞ ‹ልቀቁት፣ ልቀቁት› እያለ ነበር። እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። እግሩን ሰብለ ናት።» ሌላውን ስም አልጠራም፤ ግን የሚያየው ወደ አንድ ቦታ ነበር።

መሪጌታ ወለሉን እያዩ ነበር። «ልጅ ነበርኩ» አሉ በዚያ በሚያምረው ድምፃቸው። «ሕፃን ነበርኩ።»

ዙፋን ተነስታ በባየችና በእሳቸው መሐል ቆመች። አላስፈለገም፤ ባየች ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ የተነገራትን ነገር ገና እየፈታች ያለች ትመስላለች።

«ታዲያ ለምን ‹እኔ› አለ?» አለች። «አንብቦልኛል እኮ። ‹እኔ አሳላፊ ነበርኩ› ነው የሚለው።»

የመለሰችላት ሰብለ ወንጌል ናት፤ የአማርኛ አስተማሪ ስለ ሆነች መልሱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

«ጽሑፉ ነፍስ እንዲዘራ ብሎ ነው፣ እትዬ ባየች። ‹እሱ› ከማለት ‹እኔ› ማለት ይበልጥ ያምራል። ደራሲዎች እንዲያ ያደርጋሉ።»

ባየች ወደ ደሴ ዞረች።

«ልቀቁት ይል ነበር?»

«ይል ነበር።»

«እያለቀሰ?»

«እያለቀሰ።»

ሳጅን አንለይ ካቴናውን አውጥቶ ቀረበ። ባየች እጆቿን ጉልበቷ ላይ እንደ ጣለቻቸው ቀረች፤ አልዘረጋችለትም፤ አልከለከለችውምም። ዙፋን ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አንስታ ሰጠችው።